ከ640 ማዶ

የትያትር ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ የመድረኩን ስፋት ማወቅ ይኖርበታል። አንድ ሺህ ወታደር በጦር ሜዳ ቢያሰልፍ ደስ ባለው፤ ነገር ግን መድረኩ የሚችለው አሥር ሰው ከሆነ አሥሩን ሺህ አስመስሎ የማሳየት ዕዳ የእርሱ ነው። ባለቅኔም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። ሐሳቡ ሰፊ፣ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ቃላቱ ከምጣኔው ካለፉ ግጥሙ ይሰበራል። ስለዚህ የኪነ ጥበብ ሰው ከወሰን ጋር መኖርን ከሙያው ጋር አብሮ ይማራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ወሰን ግን ከመድረክም ከግጥምም የመጣ አይደለም። ከአንድ ቁጥር የመጣ ነው። ቁጥሩም 640 ነው። ዶስ በተባለው ሥርዓት ይሠሩ በነበሩት የግል ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ተራ ፕሮግራም በቀጥታ ሊጠቀምበት የሚችለው ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ የምንለው፣ ከ640 ኪሎባይት አያልፍም ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓለም ዙሪያ አያሌ መሐንዲሶች ይህን አጥር ለመዝለል፣ ለመሸንቆር፣ አልፎ አልፎም ለማታለል ሲደክሙ ኖረዋል።

ለመሆኑ የግጥምና የትያትር ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ያገናኘኝ አንድ ተውኔት ነው።

በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ፣ ለመድረክ መጻፍን ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ የነበሩ ጸሐፌ ተውኔት ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው አስጠሩኝና አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። በጠረጴዛው ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ 386 በመባል የሚታወቀው ዓይነት ኮምፒዩተር በነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በጎኑም በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቁ ፍሎፒ ዲስኮች ነበሩ። «ልጄ፣ መጻፊያውን ትተውልኝ ሄዱ፤ የጻፉት ግን አልወጣ አለኝ» አሉኝ። ከዲስኮቹ በሁለቱ ላይ በእርሳቸው እጅ ጽሕፈት የአንድ ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ስም ሰፍሯል። ይህ ተውኔት አልታተመም፤ መድረክም አላየም። የመጀመሪያውን ገቢር ከዓመታት በፊት በሳሎናቸው ለጥቂቶቻችን አንብበውልናል። የቀሩትን ሁለት ገቢሮች ከእርሳቸው በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

የማሽኑ ሃርድ ዲስክ ሞቷል። አሮጌ ኮምፒዩተሮችን መጠገን የሚወድ አንድ ወጣት ባለሙያ አግኝቼ ማሽኑን በፍሎፒ አስነሣልኝ። ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ የተገኘውም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሥራውን ጀመረ። አጫጭር ጽሑፎች ተከፈቱ፤ ደብዳቤዎች፣ ሁለት ግጥሞች፣ አንድ የሬዲዮ ድራማ። ተውኔቱን ስንጠራው ግን ማሽኑ በቂ ማኅደረ ትውስታ እንደሌለ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። ደግመን ሞከርን፤ ያንኑ መለሰ። ወጣቱ ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ይህ ነገር ዝም ብሎ ሜሞሪ በመጨመር አይፈታም» አለኝ። ለምን እንደማይፈታ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ጠየቅሁ፤ ብዙም አነበብኩ። የተረዳሁትን ለአንባብያን ላካፍል።

አይ-ቢ-ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ያስተዋወቀው በነሐሴ 12 ቀን 1981 ነበር። መሣሪያውን ያዘጋጀው ቡድን ይሠራ የነበረው በፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን በተባለች ከተማ ነው። የማሽኑ አንጎል የኢንቴል ኩባንያ 8088 ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ይህ ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት። እያንዳንዱ መስመር ዜሮ ወይም አንድ ከመሆን በቀር ሌላ አያውቅም። በመሆኑም በሃያው መስመሮች ሊጠሩ የሚችሉ አድራሻዎች 1,048,576 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም አንድ ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ያለ ማኅደረ ትውስታ ቢኖር እንኳ ማሽኑ በስሙ ሊጠራው አይችልም። ስም የሌለው ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ አንድ ሜጋባይት በ16 ክፍሎች የተከፈለ ርስት ነው እንበል፤ እያንዳንዱም ክፍል 64 ኪሎባይት ይይዛል። ንድፍ አውጪዎቹ የታችኛዎቹን 10 ክፍሎች ለፕሮግራሞች፣ የላይኛዎቹን 6 ክፍሎች ደግሞ ለማሽኑ ለራሱ፣ ማለትም ለስክሪኑ፣ ለተጨማሪ ካርዶችና ማሽኑ ሲነሣ ለሚያስፈልገው ቋሚ ፕሮግራም መደቡ። አሥር ጊዜ 64፣ 640 ነው። ዝነኛው ወሰን የተወለደው በዚህ ድልድል ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያን ዘመን ይህ ድልድል ስስት አልነበረም። የመጀመሪያው ማሽን በመነሻ ዋጋው ሲሸጥ የነበረው ማኅደረ ትውስታ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ 640 ከዚያ 40 እጥፍ ይበልጣል። 640 ለማንም ሰው ይበቃል የሚል አነጋገር ለማይክሮሶፍት መሥራች ለቢል ጌትስ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሰውየው ግን አላልኩም ሲል ደጋግሞ አስተባብሏል፤ ብሏል የሚሉትም ማስረጃ አላቀረቡም። ለእኔ ከአባባሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ ጥቂት ሰዎች ለአንድ ምርት ብለው በወረቀት ላይ ያሰመሩት መስመር ከ10 ዓመት በላይ የዓለም ሕግ ሆኖ መኖሩ ነው። ወሰኑ የተፈጥሮ አልነበረም። ሰው ያሰመረው ነበር።

ወሰኑ መጥበብ የጀመረው ፈጥኖ ነው። በ1983 ሎተስ 1-2-3 የተባለ የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ወጣ። የሒሳብ ሠራተኞች በሠንጠረዡ ላይ ረድፍ በረድፍ፣ ዓምድ በዓምድ ሲጨምሩ ማኅደረ ትውስታው ሞልቶ ሥራቸው መሐል መንገድ ላይ ይቆም ጀመር። በሌላ በኩል ደግሞ «ነዋሪ» ልንላቸው የምንችል ትንንሽ ፕሮግራሞች መጡ። እነዚህ ከተጠሩ በኋላ ሥራቸውን ጨርሰው የሚወጡ አይደሉም፤ በማኅደረ ትውስታው አንድ ጥግ ተቀምጠው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ካልኩሌተሩ፣ ማስታወሻ ደብተሩ፣ የኪቦርዱ አስተርጓሚ ሁሉም ከዚያችው ከ640 ቆርሰው ይኖሩባታል። ጉልቻው አንድ፣ ድስቱ ግን ብዙ ሆነ።

ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ትልቁን ፕሮግራም ልክ እንደ ተውኔት በገቢር ይከፍሉት ነበር፤ አንደኛው ገቢር ሲያልቅ ከማኅደረ ትውስታው ይወጣና ሁለተኛው ከዲስክ ተነሥቶ በዚያው ቦታ ይገባል። ዘዴው መልካም ቢሆንም ዲስክ ዘገምተኛ ነው። ተመልካቹ በገቢርና በገቢር መካከል መጋረጃው እስኪነሣ እያዛጋ መጠበቁ አልቀረም።

በ1985 ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ተባብረው አንድ ደንብ አወጡ። በሦስቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት «ሊም»፣ በአሠራሩ ስም ደግሞ ኢ-ኤም-ኤስ ይባላል። እኔ እንደ ትያትር ሰው ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው። ፕሮሰሰሩ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ማየት አይችልም። ታዲያ ምን ተደረገ? ለማሽኑ ከተመደቡት ከስድስቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል 64 ኪሎባይት የምታህል ባዶ ቦታ ተፈልጋ መስኮት ተደረገች። መስኮቷም እያንዳንዳቸው 16 ኪሎባይት በሆኑ አራት ገጾች ተከፈለች። በተጨማሪ ካርድ ላይ የተቀመጠው ማኅደረ ትውስታ እስከ 8 ሜጋባይት፣ ማለትም እስከ 512 ገጾች ሊደርስ ይችላል። ከእነዚህ ገጾች የተፈለጉት አራት በመስኮቷ በኩል ይታያሉ፤ ሌላ ሲያስፈልግ አንዱ ይወጣና ሌላው ይተካል። 512 ተዋንያን ከመጋረጃ በስተኋላ ቆመው፣ በመድረኩ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታዩት አራት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ትልቅ ንጉሣዊ ትያትር በጠባብ አዳራሽ ያሳየ አዘጋጅ ሁሉ ይህን ጥበብ ያውቀዋል። በ1987 ደንቡ ተሻሽሎ ከመጋረጃ በስተኋላ ያለው ስፍራ እስከ 32 ሜጋባይት እንዲደርስ ተደረገ።

በዚህ መካከል ፕሮሰሰሮቹም አደጉ። በ1984 በወጣው በአይ-ቢ-ኤም «ኤ-ቲ» ኮምፒዩተር ውስጥ የገባው 286 ፕሮሰሰር 24 የአድራሻ መስመሮች ስላሉት 16 ሜጋባይት ሊጠራ ይችል ነበር። ሆኖም ዶስ የተጻፈው ለቀድሞው ማሽን በመሆኑ አዲሱ ፕሮሰሰር በዶስ ሥር ሲሠራ እንደ አሮጌው እንዲሆን ይገደድ ነበር። ሀብቱ አለ፤ ቋንቋው ግን የድሮው ነው።

ከዚሁ ማሽን ጋር የተያያዘ አንድ እንግዳ ታሪክ አለ። አሮጌው ፕሮሰሰር ከአንድ ሜጋባይት በላይ ሲጠራ፣ ሃያ አንደኛ መስመር ስለሌለው ቆጠራው ዞሮ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር። አንዳንድ ፕሮግራሞች በዚህ መዞር ላይ ተማምነው ተጽፈዋል። አዲሱ ማሽን መስመሩ ስላለው አይዞርም። እነዚያ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ ሲባል መሐንዲሶቹ ሃያ አንደኛውን መስመር፣ በስሙ ኤ-20 የተባለውን፣ በር ሠርተው ዘጉት። የበሩንም ቁልፍ የሰጡት ለኪቦርዱ ተቆጣጣሪ ቺፕ ነበር፤ ምክንያቱም እርሱ ላይ ሥራ ፈት እግር ተርፎ ነበርና። ወደ ሰፊው ማኅደረ ትውስታ የሚያስገባውን በር የሚጠብቀው የፊደል ቁልፎችን የሚያዳምጠው ዘበኛ ሆነ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ደግሞ ያልታሰበ ሲሳይ ተገኘ፤ ከአንድ ሜጋባይት ወዲያ ያለው የመጀመሪያው 64 ኪሎባይት፣ 16 ባይት ሲጎድለው፣ ዶስ ቋንቋውን ሳይለውጥ ሊደርስበት የሚችል ሆነ። 65,520 ባይት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 386 ፕሮሰሰር በ1985 ሲወጣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልነበራቸውን ችሎታ ይዞ ነበር። አንድን ፕሮግራም «አንተ በአሮጌው 8088 ላይ ነህ» ብሎ ሊያሳምነው ይችላል። ፕሮግራሙ አንድ አድራሻ ሲጠራ ፕሮሰሰሩ ሳያሳውቀው ሌላ ሥፍራ ያለ ማኅደረ ትውስታ ያቀርብለታል። ስለዚህ በላይኛዎቹ ስድስት ክፍሎች ውስጥ ማንም ያልሰፈረባቸው ባዶ ቦታዎች፣ ከሩቅ በመጣ ማኅደረ ትውስታ ተሞልተው እንደ መኖሪያ ሊያገለግሉ ቻሉ። ኳርተርዴክ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኪውኤም የተሰኘው ፕሮግራም በዚህ ጥበብ ዝነኛ ሆነ። ዲጂታል ሪሰርች በ1990 ባወጣው ዲ-አር ዶስ 5፣ ማይክሮሶፍትም በሰኔ 1991 ባወጣው ዶስ 5 ይህን ችሎታ ከሥርዓቱ ጋር አዋሕደው አቀረቡት። የወጣቱ ባለሙያ ተስፋ ያረፈውም በዚህ በመጨረሻው ላይ ነበር።

አሁን ወደ ተውኔቱ ልመለስ። የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ አንድ ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ከ640 በላይ ለሚደረገው ዝግጅት የሚተርፈው ነገር አልነበረም። ወጣቱ ምናለሽ ተራ ወርዶ፣ ከተጣሉ ማሽኖች የተነቀሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜጋባይት የሚይዙ አራት የሜሞሪ ካርዶች ይዞ መጣ። አሮጌዎቹን አውጥቶ አዲሶቹን በጥንድ በጥንድ ሰካቸው። ማሽኑ ሲነሣ ቁጥሩ በስክሪኑ ጥግ ላይ እየሮጠ ወጣ፤ 1024ን አለፈ፤ 4096 ላይ ቆመ። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሆነው «በቃው እንግዲህ?» አሉ። ተውኔቱን ጠራነው። ማሽኑ ያንኑ መስመር ጽፎ ቆመ።

ይህ ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ነበር። ማኅደረ ትውስታው አራት እጥፍ ሆኗል፤ ፕሮግራሙ ግን አንዲት ባይት እንኳ አልጨመረለትም። ያለው ነገር ሁሉ የሚደረስበት አይደለም። ወጣቱ አልተደናገጠም። «አሁን ማስተካከል ነው የቀረን ጋሼ» ብሎ አንድ ትእዛዝ ሰጠና ማን የት እንደተቀመጠ የሚዘረዝር ሰሌዳ አወጣ። ለፕሮግራሞች የተረፈው 527 ኪሎባይት ነበር። ዶስ ራሱ፣ የዲስክ መሸጋገሪያዎቹና ፊደላችንን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ነዋሪ ፕሮግራም የቀረውን ተቀራምተውታል።

ስለዚህ የመጨረሻው ነዋሪ ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ፊደላችንን ይመለከታልና። ለእንግሊዝኛ የተሠራው የዶስ ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክቶችን ነው። የእኛ 33 ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው። እንደ ቈ እና ጐ ያሉት አራቱ ዲቃሎች ከነአምስት መልካቸው 20፣ የግዕዝ ቁጥሮችም 20 ሲደመሩ 271 ይሆናሉ። ነጥቦቹን፣ የላቲኑን ፊደልና አኃዙን ገና አልቆጠርንም። ስለዚህ ፊደላችን በተሰጠው ሣጥን ውስጥ አይገባም። በዶስ ዘመን የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ከዚህ ጋር ታግለዋል። የፊደሉን ቅርጽ የሚሥል፣ የቁልፉንም ምት ወደ ፊደል የሚለውጥ ነዋሪ ፕሮግራም ሲያዘጋጁ፣ ነዋሪው ቦታ የሚይዘው ከዚያችው ከ640 ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የማይከፍለውን ኪራይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይከፍል ነበር ማለት ነው። የጸሐፊያችን ነዋሪ 48 ኪሎባይት ይይዝ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ የተውኔታቸው ሦስተኛ ገቢር ሊቀመጥ ይችል ነበር።

ወጣቱ ማሽኑ ሲነሣ የሚያነብበውን ኮንፊግ-ሲስ የተባለ ፋይል ከፍቶ መስመር በመስመር ጻፈ። መጀመሪያ ሃይሜም የተባለውን አስገባ፤ ይህ የኤ-20ን በር የሚያስከፍት ነው። ቀጥሎ ኢ-ኤም-ኤም-386 የተባለውን፤ ይህ ደግሞ በላይኛው ክፍል ያሉትን ባዶ ቦታዎች በአዲሱ ማኅደረ ትውስታ የሚሞላ ነው። ከዚያ ዶስ ወደ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። በመጨረሻም ፊደል ነዋሪውን ወደ ላይኛው ክፍል ላከው። የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ቢዛባ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ በሩ ሳይከፈት የሚገባ የለም፤ ቦታው ሳይዘጋጅ የሚሰፍር የለም። ትልቁ ዕቃ ከትንሹ ቀድሞ ካልገባ፣ ትንሹ ባዶውን ስፍራ ከሁለት ይሰነጥቅና ትልቁ ሜዳ ላይ ይቀራል። ተዋንያን ወደ መድረክ የሚገቡበትን ተራ ስጽፍ ዘወትር የምጨነቅበትን ጭንቀት በዚህ ወጣት ፊት ላይ አየሁት።

ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። ሰሌዳውን አወጣ። 619 ኪሎባይት። የተገኘው ትርፍ 92 ኪሎባይት ነው። በዛሬው ዘመን አንዲት የስልክ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ተውኔቱን ጠራነው። ስክሪኑ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ርእሱ፣ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር፣ «ገቢር አንድ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ።

መከፈቱ ግን ማዳን አልነበረም። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብበውም፤ የዛሬ ማሽንማ ጭራሽ ባዕድ ይሆንበታል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ በ345 ምልክቶች ቦታውን ያገኘው በ1999 ነው። የእኚህ ጸሐፊ ተውኔት ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። የሚሠራ ማተሚያም አልነበረንም። ስለዚህ ሁለት ወጣት ተዋንያን ጠርቼ ሥራውን በድሮው መንገድ ያዝነው። አንዱ ከአሮጌው ስክሪን ላይ ያነብባል፣ ሌላው በዛሬ ኮምፒዩተር ይጽፋል፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ አስተያያለሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብን።

በሁለተኛው ሌሊት ወደ ሦስተኛው ገቢር ገባን። ቤቷን ለቅቃ እንድትወጣ የተጠየቀች አንዲት ባልቴት አለች። ተዋናዩ የእርሷን ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብብ፣ ቡና ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መቼ ጻፉት?» የመለሰላቸው የለም። ተዋናዩ ጥቂት ቆይቶ ማንበቡን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ «ማኅደረ ትውስታ» የሚለውን ቃል በቀላሉ ማለፍ አልሆነልኝም። ከዶስ ዘመን መሐንዲሶች ሥራ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ ይዣለሁ። አንደኛው፣ የማይነቃነቅ የሚመስል ወሰን ብዙ ጊዜ በአንድ ወቅት በጥቂት ሰዎች የተሰመረ መሆኑ ነው፤ የተሰመረበትን ምክንያት ያወቀ ሰው መውጫውንም ማወቅ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ወሰኑ የተሻገረው አጥሩን በማፍረስ አለመሆኑ ነው። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ እየተጠነቀቁ፣ ባዶ ጥግ እየፈለጉ፣ መስኮት እየከፈቱ፣ ለአዲሱ እየደለደሉ ነው። ሦስተኛውና ለእኛ የቀረበው፣ ማከማቸትና ማስታወስ የተለያዩ መሆናቸው ነው። አራት ሜጋባይቱ በማሽኑ ውስጥ ነበር፤ መንገድ እስኪሠራለት ድረስ ግን ከሌለ አልተሻለም።

በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን እንዲህ ያሉ ዲስኮች በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል ብዬ አምናለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የተጻፈ ግጥም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተውኔት ረቂቅ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ማስተማሪያ። ብራና በጥንቃቄ ከተያዘ መቶ ዓመታት ይዘልቃል፤ ፍሎፒ ዲስክ ግን በላዩ ያለው መግነጢስ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። ዲስኩ ሲደክም ደግሞ እንደ ብራና ቀስ እያለ አይደበዝዝም፤ አንድ ቀን ዝም ይላል።

ስለዚህ መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና የሙያ ጓደኞቼ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። የሟች ጸሐፊ ቤት ስንገባ የወረቀቱን ማኅደር እንደምንጠይቅ ሁሉ ዲስኩንም እንጠይቅ። ዲስኩን ብቻ ይዘን ማሽኑን ለቆራሌው አንስጥ፤ ፕሮግራሙ ያለበትን ዲስክም ከጽሑፉ አንለይ። ኮንፊግ-ሲስን የመሰለ የማስነሻ ፋይል ካለ መስመሩን ሁሉ በወረቀት ገልብጠን እናስቀምጥ፤ ጸሐፊው በምን ሥርዓት ይሠራ እንደነበር የሚመሰክረው እርሱ ነው። ከፋይሉ ዋናውን ሳንነካ ቅጂ እናንሣ፤ ከተከፈተም ዛሬውኑ በዩኒኮድ እንገልብጠው። ይህን ጥበብ የሚያውቁ ወጣቶች ጥቂት ናቸው፤ እንደ ተራ ጠጋኝ ሳይሆን እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልናያቸው ይገባል።

የጸሐፊው ተውኔት አሁን በሦስት ቅጂ ተቀምጧል፤ አንደኛው በባለቤታቸው እጅ በወረቀት ታትሞ ይገኛል። መድረክ ላይ ይወጣ እንደሆነ የሚወስኑት አዘጋጆችና ተመልካቾች ናቸው። ጥሩም ይሁን ደካማ፣ ከእንግዲህ የሚመዘነው ተነብቦ ነው። አንድ ጽሑፍ ሳይነበብ በቦታ ጥበት ምክንያት ዝም እንዲል መፍረድ ግን የማንም መብት አይደለም፤ የ92 ኪሎባይትም ቢሆን።